አምስተኛው ልዑክ

የኔታ የደወሉልኝ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ መመርመሪያው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ነው። ሥራዬ ጥራት መቆጣጠር ነው። ከሥሩ መብራት በበራበት መስተዋት ላይ ጨርቁ እየተንሸራተተ ያልፋል፤ እኔ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳተ ቀለም እለቅማለሁ። እንከን ያገኘሁበትን በቀይ ጠመኔ ምልክት አድርጌ እጥላለሁ። ቢለምኑኝም ቢቆጡኝም አላሳልፈውም። ባለቤቴ ይህ ጠባይ ቤት ድረስ ተከትሎኝ እንደሚመጣና የወጡን ጨው ሳይቀር በቀይ ጠመኔ እንደማሰምርበት ትናገራለች። አልተሳሳተችም።

የኔታ በተወለድሁባት የጣና ደሴት ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝና ለዲቁና ያበቁኝ መምህሬ ናቸው። ስልክ ሲይዙ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የእኔን ደኅንነት፣ የባለቤቴን፣ የልጄን፣ የማያውቁትን ጎረቤቴን ሳይቀር ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚመጡት። የዚያን ቀን ግን ምንም አልጠየቁኝም።

«አራት ነን። አንድ ጎድለናል። ና» አሉኝ።

ያደግሁበት ነገር ስለሆነ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይገባም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት መቆም አለባቸው። አራት ሆኖ «እንደ ምንም እንወጣዋለን» የሚባል ነገር የለም። የደሴቲቱን ሦስተኛ ዲያቆን ወባ ጥሎት፣ በጎርጎራ በኩል ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። መንገዱ የከፋበት ሰሞን ስለነበረ ደግሞ ሰው እንደ ልቡ ከቦታ ቦታ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛውን ካህን እንኳ ከማዶ፣ ከየብስ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ነው የተዋሱት፤ ለሐሙስና ለዓርብ። ቅዳሜ ወደ ደብራቸው መመለሳቸው ነው።

ለማን ነው የሚቀደሰው ብዬ ጠየቅሁ። ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ለእኔ ነው» አሉ። «እግሬ አብጧል፣ ደረቴም እያፈነኝ ነው። ሳልቆርብ እንዳልሄድ ፈራሁ።»

ቁርባን ለነገ ተብሎ አይቀመጥም፤ በዕለቱ የተቀደሰው በዕለቱ ያልቃል። ስለዚህ ለአንድ በሽተኛ ሽማግሌም ቢሆን አምስት ሰው ጾሞ መቆም አለበት። ሐሙስ እመጣለሁ አልኋቸው።

ያስቸገረችኝ ዓርብ ነበረች። ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገዢዎች ከውጭ አገር መጥተው ፋብሪካውን ሊያዩ ነው፤ የጥራት ክፍሉን የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ጉብኝቱ ካማረ የቀን ፈረቃ ኃላፊ እሆናለሁ። ያን ሳምንት ለዝግጅቱ ብለው ቀን አዋሉኝ እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሠርቼ ቀን ተኝቻለሁ፤ የአራት ዓመት ልጄ አባት ማለት መጋረጃ ዘግቶ የሚያንኮራፋ ሰው ይመስላታል። አለቃዬ ሐሙስን ፈቀደልኝ። ዓርብ አንድ ሰዓት ላይ ካላየሁህ ግን ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው።

ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ብቻዋን፣ አራቱን ዓመት ከልጅ ጋር ያደረችው እሷ ናት። ሂድ አለችኝ፤ ግን ሐሙስ ሄጄ ሐሙስ እመለሳለሁ ብለህ ቃል ግባልኝ አለች። ቃል ገባሁላት።

ማክሰኞ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ልብሰ ተክህኖ ከለበስሁ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ምን ከለከለህ ሲሉኝ ሥራ በዛብኝ አልኋቸው፤ ለራሴም የምነግረው ይህንኑ ነው። በተክሊል ያገባሁ ሰው ነኝ፣ ክህነቴ አልፈረሰም፣ ከመቅደስ ያባረረኝም የለም። ሌላው ሁሉ እየቀደመ እግዜር ወረፋ ጠባቂ ሆኖ ቀረ እንጂ። ይህን በአፌ ስናገረው አፈርሁ። ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተው፣ በንጽሕና ቆይተህ ሂድ ብለው ሸኙኝ።

እዚህ ላይ ስለ የኔታ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ተማሪያቸው ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ፣ እሳቸው ልብሰ ተክህኗቸውን ለብሰው ሊገቡ ሲሉ ዝንብ ጉሮሯቸው ውስጥ ገባች። ሳሉ፣ ሳሉ፤ አልወጣችም። ማንም አላየም፤ አጠገባቸው የቆምሁት እኔ እንኳ ጉንፋን ነው ያልሁት። እሳቸው ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው «ዝንብ ውጫለሁ፤ ዛሬ ቅዳሴ የለም፤ ይቅር በሉኝ» አሉና ልብሱን አወለቁ። የሚቀድስ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ እህልም ውሃም በጉሮሮው ማለፍ የለበትም፤ ዝንብም ያው ነው። እኛ ተማሪዎች ሳምንት ሙሉ «የኔታ ጾማቸውን በሥጋ ፈቱ» እያልን ሣቅን። አሁን ሳስበው የሣቅነው ስለፈራናቸው ነው።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣሁ። ባለቤቴና ልጄ ተኝተዋል። ጠዋት ጠዋት የማደርገውን ሁሉ አድርጌ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ባጃጅ ይዤ በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ነበር፤ በጾም የአዘቦት ቅዳሴ የሚገባው ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ ጊዜ አለኝ ብዬ ነበር።

ጀልባ ነጂው ከድሮ የማውቀው ሰው ነው፤ እጁም አፉም ሥራ አይፈታም። አንድ ሰዓት ያህል ደኅና ሄድን። ከዚያ ነፋሱ ገፍቶ ያመጣው እምቦጭ አረም ሞተሩን ተበተበውና ቀጥ አልን። ቢላዋ አውጥቶ ሥሩን ይቆርጥ ጀመር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን እየገፋት ነው። እኔ በየደቂቃው ስልኬን እያየሁ፣ ቶሎ በል፣ ሰው ይጠብቀኛል እለዋለሁ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ ቀና ሳይል።

በመጨረሻ ሞተሩ ነጻ ወጣ፤ ግን ግሎ ስለነበር ትንሽ ይረፍ አለና ቁጭ አለ። ከኪሱ መፋቂያ አወጣ። አንዱን አፉ ውስጥ ከቶ ሌላውን ለእኔ ዘረጋልኝ።

«አመሰግናለሁ፤ ጥርሴን ጠዋት ቦርሻለሁ» አልሁት።

ይህን አልሁና አፌን እንደ ከፈትሁ ቀረሁ።

እጄ ነው ያደረገው፤ ጭንቅላቴ እዚያ አልነበረም። መታጠቢያው ፊት ቆሜ፣ ብሩሹ ላይ ናና የሚሸት የጥርስ ሳሙና አድርጌ፣ ቦርሼ፣ ተጉመጥምጬ። ያ ብቻ ቢሆን እንኳ ራሴን እከራከረው ነበር። ግን ከተማ ከገባሁ ያመጣሁት አመል አለኝ፤ ተጉመጥምጬ ከተፋሁ በኋላ አንድ ጉንጭ ንጹሕ ውሃ እጠጣለሁ። ጠጥቻለሁ። ቀዝቀዝ ብላ ስትወርድ አሁን፣ እሐይቁ መካከል፣ ትዝ አለችኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ጣና መካከል ተቀምጬ እኔን የወሰደኝ የቤቴ ቧንቧ ነው።

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አስነሣ። እኔ ከዚያ እስከ ደሴቲቱ ድረስ ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድሁ። ብናገር የዛሬው ቅዳሴ ይቀራል። የሚቀረው ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ደግሞ እኔ ፋብሪካ መሆን አለብኝ። እኔ ከሄድሁ አምስተኛ የለም። ብቆይም የኔታ ዛሬን ማደራቸውን ማን ያውቃል? ዝም ብል ግን ሁሉም ይስተካከላል፤ እሳቸው ይቆርባሉ፣ እኔ ማታ ቤቴ ነኝ፣ ነገ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ነኝ። ያየኝ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ ተኝታ ነበር።

እንዲህ ሲደረደር ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ግን ፈራሁ። እግዜርን ፈራሁ ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የፈራሁት መናገሩን ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ከአጥሩ ሥር በጥላው፣ በጠፍር አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው እንደ ቅል አብጧል። ዓይናቸው ከደከመ ስለቆየ በእጃቸው ነው የሚያዩት። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። ወዲያው አልለቀቁኝም፤ እንደ ያዙኝ ቆዩ።

«መንገዱ ደኅና ነበር?» አሉኝ።

ደኅና ነበር አልሁ።

«ሌላስ?»

ሌላ የለም አልሁ። ያን ጊዜ እጃቸውን አነሡ።

ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ፤ ለቅዳሴው ኅብስቱ የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት። ሁለቱ ወጣት ዲያቆናትና የደሴቲቱ ቄስ ከፊት ወደ ዕቃ ቤቱ አልፈዋል። የማዶው ቄስ ብቻቸውን ልብሰ ተክህኖ እያራገፉ ነበር። ጎልማሳ ናቸው፣ ፊታቸው ደግ ነው። ለእሳቸው ነገርኋቸው፤ ለየኔታ ከመናገር ቀሎኝ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ውጫለሁ፣ ረስቼ ነው አልኋቸው።

ልብሱን እንደ ያዙ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ማን ሰማ?» አሉኝ።

ማንም አልሰማም አልሁ።

«እንግዲያው ስማኝ። ሽማግሌው ነገን የሚያዩ አይመስለኝም። ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ ትንፋሻቸው ጠፍቶ ነበር። አውቀህ አላደረግኸው፤ ያውም ውሃ ነው። ልበስና ግባ፤ ኃጢአቱን በእኔ አድርገው።»

ይህን ያሉት ለሰው አዝነው ነው፤ እስከ ዛሬም አልፈርድባቸውም። እኔ የፈለግሁት ደግሞ ይህንኑ ነበር፤ ካህን ግባ እንዲለኝ። ልብሱን ተቀብዬ ለበስሁት። ከሦስት ዓመት በኋላ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ረስቼው ነበር። ደወሉ ተደወለ። ከቤተ ልሔም እስከ ቤተ መቅደሱ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ወጣሁ። ሴቶቹ ከአጎራባች ደሴት በታንኳ መጥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ሁሉም ጾመዋል። በሩ ጋ ስደርስ ምላሴ የፊት ጥርሴን ነካው። ናና፣ ናና ይላል። አሥር ዓመት ሙሉ ለአንዲት የተበጠሰች ክር የሰውን ድካም እየጣልሁ፣ ዛሬ የራሴን ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ ላሳልፍ ነው? በራሴ ተናደድሁ። ንዴቱ ነው እግሬን ያዞረው፤ ጽድቅ አይደለም። በሕዝቡ መካከል አልፌ የኔታ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

«የኔታ፣ ውሃ ጠጥቻለሁ።»

«መቼ?»

«ጠዋት፣ ጥርሴን ስቦርሽ። ረስቼ ነው።»

«እስካሁን ረስተኸው ነው?»

«የለም። ጀልባ ላይ ትዝ ብሎኛል። ቅድም ሌላስ ሲሉኝ አውቅ ነበር።»

 የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ አሁን እዚሁ ፊቴ ቢሞቱስ ብዬ አሰብሁ።

«በል አውልቀው» አሉ። «ነገ ትለብሰዋለህ።»

መቆየት ትችላለህ ወይ አላሉኝም። ሥራስ፣ ሚስትስ የሚል ነገር የለም። እንዲያ ስላሉኝ ደግሞ በእሳቸው ተናደድሁ። ሰው እንዴት ሊሞት እየተቃረበ ነገን እንዲህ በእርግጠኝነት ያዝዛል?

የደሴቲቱ ቄስ ቅዳሴው ወደ ነገ መዛወሩን ነገሩ። ያስቀረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ልብሱን በሰው ፊት ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ከአጎራባቹ ደሴት የመጣች አንዲት አሮጊት በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ አየችኝ።

«ለጥርስህ ብለህ ነው ቅዳሴ ያስቀረኸው?» አለችኝ። «እስቲ አሳየኝ፤ እንዲህ የደከምህለት ምን የመሰለ ጥርስ ነው?»

ሰዉ ሣቀ። የምገባበት ጠፋኝ። የማዶው ቄስ አንገታቸውን ደፍተው ልብሰ ተክህኗቸውን ያጥፉ ነበር፤ ነገም አሉ ወይ አልኋቸው። አለሁ አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

ደሴቲቱ ላይ ስልክ የሚሠራው በምዕራብ ጫፍ፣ ከአንዲት ሾላ ሥር ብቻ ነው፤ የኔታንም ሰኞ ደግፈው አምጥተው ያስደወሏቸው እዚያ ነው። መጀመሪያ አለቃዬ ዘንድ ደወልሁ። ነገ አልደርስም አልሁት። ታመሃል ወይ አለኝ። አዎ ብል ያልፍልኝ ነበር፤ እሱም ሊረዳኝ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። ነገር ግን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መዋሸት አቃተኝ። አልታመምሁም፣ ቤተ ክርስቲያን ነኝ አልሁት። ይሁን፣ ሌላ ሰው አዘጋጃለሁ ብሎ ዘጋ።

ባለቤቴ ግን ጮኸችብኝ። ነገሩን ሁሉ አስጨረሰችኝና «ለአንድ ጉንጭ ውሃ?» አለች። «ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ለአንድ ጉንጭ ውሃ?»  ስልኩ ተዘጋ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትሁን አላወቅሁም።

ሾላው ሥር ተቀምጬ ልጅ ሳለሁ የጠየቅሁት ነገር ትዝ አለኝ። ወንጌል ስናነብ ዓሣ አጥማጆቹ ጌታ ሲጠራቸው መረባቸውን ጥለው ተከተሉት ይላል። እኛ የዓሣ አጥማጅ ልጆች ነን፤ መረብ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ እናውቃለን። የተጣለውን መረብ ማን ሰበሰበው ብዬ የኔታን ጠየቅኋቸው። ጓደኞቼ ሣቁብኝ። እሳቸው ግን አልሣቁም። አባታቸው ጀልባው ውስጥ ቀርቷል፣ እሱ ነዋ የሚሰበስበው አሉኝ። የሚከተል ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ጀልባ ውስጥ ትቶ ነው የሚሄደው፣ ያን ሰው እንዳትረሳው አሉኝ። የዚያን ቀን ጀልባው ውስጥ የቀረችው ሚስቴ ናት። አሳዘነችኝ፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እጮህ ነበር።

ከሰዓቱን የኔታ አጠገብ ዋልሁ። ወደ ቤታቸው አስገብተናቸዋል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮ በእንጀራ አቀረቡላቸው፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ተዉት። ከዚያ ወዲያ ውሃም አልፈለጉም፤ ለነገው ጀምረዋል። እኔ ትንፋሻቸውን ነበር የምሰማው። ይገባል፣ ይቆያል፣ ይወጣል። በቆየ ቁጥር የእኔም አብሮ ይቆማል። አንድ ጊዜ በጣም ቆየ። ተነሥቼ ቆምሁ። የማዶው ቄስ ከበሩ ሆነው ያዩኝ ነበር። የሚያስቡትን አውቀዋለሁ፤ ቅድም ብትሰማኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። እውነታቸውን ይሆናል እያልሁ መሸ። እግዚአብሔር ሆይ፣ የእኔን እውነት በእሳቸው አታስከፍለኝ ብዬ ለመንሁ። ለሦስት ዓመት እንዲያ አድርጌ ጸልዬ አላውቅም።

ነጋ። የኔታ አሉ።

ጠዋት አፌን ውሃ አላስነካሁትም። አንድ ሰዓት ሲሆን ገዢዎቹ ፋብሪካው በር ደርሰዋል ብዬ አሰብሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አሁን ጨርቁን እያዩ ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ ማሰቡን ተውሁት። ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ፤ አምስታችንም ገባን። አሮጊቷም ከሴቶቹ ጋር ተመልሳ መጥታለች፤ ሳልፍ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ፈገግ አለችብኝ። የኔታን ከነአልጋቸው ተሸክመው ከመቅደሱ በር አጠገብ አኖሯቸው። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ተሰነጣጠቀ። ዜማ የሳትሁበት ቦታ ላይ የኔታ ከአልጋቸው ሆነው፣ በዚያ በሚያፏጭ ትንፋሻቸው፣ ቀስ ብለው አነሡልኝ። ሊሞቱ ነው እንኳ ማረም አልተዉም።

ለቁርባን ሲደርስ ተሸክመው አቀረቧቸው። ካህኑ ሥጋውን አቀበሏቸው። ደሙን በዕርፈ መስቀሉ፣ መስቀል ባለበት ማንኪያ፣ ማቀበል የዲያቆን ፋንታ ነው፤ ያ ዲያቆን እኔ ነበርሁ።  እሳቸው አገጫቸውን ወደ ላይ አቅንተው ጠበቁኝ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አለቀስሁ፤ ደስታም ድካምም ነበር።

ከቅዳሴው በኋላ ቆራቢ የሚጠጣውን ውሃ፣ ማየ መቁረሩን፣ በጽዋ ይዤላቸው ሄድሁ። ያንኑ አጥር ተደግፈው ተቀምጠዋል። በእጃቸው ጽዋውን ዳሰሱ፣ ጠጡና መልሰው ሰጡኝ። አሁን አንተም ጠጣ፣ ዛሬ ተፈቅዶልሃል አሉኝ። መቀለዳቸው ነው። ጠጣሁ። ከዚያ እንደ ትናንቱ ጭንቅላቴን ይዘው ወደ ፊታቸው አስጠጉኝ።

«ዛሬ ናና ናና አትልም» አሉኝ።

አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ትናንት ግንባሬን ሲስሙ ሸትቷቸው ነበር። ሌላስ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

«አውቀው ነበር እንዴ? ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንተ እንድትናገር እየጠበቅሁ።»

«ሳልናገር ብገባስ?»

«አልቆርብም ነበር።»

«ሌላ ቀን እንደማያገኙ እያወቁ?»

«ልጄ፣ አንተ ወድቀህ እኔ ምን ብዬ ልቁረብ?» አሉኝ። «ከበሩ ስትመለስ የእግርህን ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነገን ሳላይ እንደማልሞት ቆረጥሁ።»

 ሁለት ቀን ሙሉ በእኔ ጥፋት ሳይቆርቡ እንዳይሞቱ ስፈራ፣ እሳቸው የመጨረሻ ቁርባናቸውን በእኔ ምላስ አስይዘው አጥር ሥር ይጠብቁ ነበር። አራት ነን አንድ ጎድለናል ብለው ሲደውሉልኝ፣ የጎደለው ለቅዳሴው ብቻ መስሎኝ ነበር። በዚያው ማታ ጀልባ ይዤ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። እሳቸው ከሆሣዕና በፊት ዐረፉ።

የቀን ፈረቃው ኃላፊነት ለሌላ ሰው ሆነ፤ ጎበዝ ሰው ነው፣ አልጠላውም። እኔ አሁንም ሌሊት እሠራለሁ፤ ልጄም አሁንም ታንኮራፋለህ ትለኛለች። በየወሩ አንድ እሑድ ወደ ደሴቲቱ እሻገራለሁ፤ አምስተኛው ሰው እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ያን ዓርብ ማታ በሩን ከፈተችልኝ እንጂ አላናገረችኝም። ሳምንት ያህል እንዲሁ ቆየን። የኔታ ያሉኝን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝ። ግን ከዚያ ወዲህ፣ ለቅዳሴ በምሄድበት ዋዜማ፣ የጥርስ ብሩሼን ከመታጠቢያው ላይ አንሥታ ትደብቀዋለች። የት እንደምታኖረው እስካሁን አልነገረችኝም።